ሮቦቶቹን የሚያወዳድረው ሰንጠረዥ የዘለላቸው ነገሮች

ቀዶ ሕክምና የታዘዘለት ሰው ባለበት ቤት አንድ ሰንጠረዥ በቴሌግራም መዞሩ አይቀርም። በግራ በኩል የማሽን ስሞች ተደርድረዋል፦ ዳ ቪንቺ፣ ቬርሲየስ፣ ሁጎ፣ ኤስኤስአይ ማንትራ፣ አንዳንዴም ማኮ። ከላይ ደግሞ ስንት ክንድ እንዳላቸው፣ ምስሉን ስንት እጥፍ እንደሚያጎሉ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን ያጣሩ እንደሆነ ተጽፏል። ሣጥኖቹ በአረንጓዴ ምልክት ተሞልተዋል። ከግርጌው የአንድ ሆስፒታል ፎቶና የዋትሳፕ ቁጥር አለ። ላኪዎቹ ብዙውን ጊዜ ታካሚዎችን ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ የሚልኩ ወኪሎች ናቸው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የማጠናው የቁጥጥር ምህንድስና ነው፤ ሞተርና ሴንሰርን ማግባባት በሉት። ስለዚህ እነዚህን ማሽኖች ሳይ መደነቄ አይቀርም። ሰንጠረዡ ግን ያናድደኛል። የተጻፉት ቁጥሮች ውሸት ስለሆኑ አይደለም፤ አብዛኞቹ እውነት ናቸው። የሚያናድደኝ፣ ማሽን ሊገዛ ላሰበ ሆስፒታል የሚስማማ ንጽጽር አልጋ ላይ ለሚተኛው ሰው መሰጠቱ ነው። ታካሚው እኮ ማሽን አይገዛም።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። “ሮቦት” ሲባል በራሱ አስቦ የሚቆርጥ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ዳ ቪንቺ ላይ ቀዶ ሐኪሙ ከታካሚው ጥቂት ሜትር ርቆ ኮንሶል የሚባለው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ወደ ምስሉ ደፍቶ ሁለት መያዣዎችን በጣቶቹ ያንቀሳቅሳል። የእጁን እንቅስቃሴ ኮምፒውተሩ ይለካና ታካሚው ሆድ ውስጥ ወደ ገቡት ቀጫጭን መሣሪያዎች ያስተላልፋል። ሐኪሙ እጁን ካቆመ ማሽኑም ይቆማል። ረጅምና ብልህ መቆንጠጫ ነው ብትሉ ከእውነታው አትርቁም።

ለምን አስፈለገ ታዲያ? ከእሱ በፊት የነበረውን ላፓሮስኮፒን ማየት ይጠቅማል። በላፓሮስኮፒ ሆድ በሰፊው አይከፈትም፤ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጥ ያሉ ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። አንድ ረጅም ዱላ በእንስራ አፍ አስገብታችሁ ከሥሩ ያለውን ነገር ለመንካት ሞክሩ። እጃችሁ ወደ ቀኝ ሲሄድ የዱላው ጫፍ ወደ ግራ ይሄዳል። ዱላውን ማስገባትና ማውጣት፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማዘንበል፣ በራሱ ዙሪያ ማሽከርከር ትችላላችሁ፤ አንጓ ስለሌለው ግን ጫፉን ማጠፍ አትችሉም። በእንዲህ ዓይነት ዱላ ክርና መርፌ ይዞ መስፋት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። የሮቦቱ መሣሪያ ጫፉ ላይ እንደ እጅ አንጓ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ አለው፤ መጨበጡን ጨምሮ ሰባት ዓይነት እንቅስቃሴ ይሠራል። ቀኙም ወደ ቀኝ፣ ግራውም ወደ ግራ ሆኖ ይመለሳል።

“መንቀጥቀጥን ያጣራል” የሚለውም እውነት ነው። የማንኛውም ጤነኛ ሰው እጅ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ገደማ በስሱ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ አስቦ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከዚህ በጣም የቀዘቀዘ ስለሆነ ፈጣኑን ቆርጦ መጣል ለእኛ የመጀመሪያ ዓመት የቤት ሥራ ነው። በዚያ ላይ ሐኪሙ እጁን 3 ሴንቲ ሜትር ሲያንቀሳቅስ ጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ደስ የሚል ሥራ ነው! ግን አስተውሉ፤ ይህን ሁሉም ማሽኖች ይሠሩታል። ሁሉም የሚያልፉት ፈተና ለማማረጥ አይረዳም።

የሚለያዩበትን ፈልጋችሁ ከሆነ ልዩነቱ ያለው በአብዛኛው ሐኪሙና ሆስፒታሉ ዘንድ ነው። የዳ ቪንቺ ክንዶች በአንድ ግንድ ላይ ተሰቅለዋል። የእንግሊዙ ቬርሲየስ፣ የሜድትሮኒክ ሁጎና የሕንዱ ማንትራ ግን እያንዳንዱ ክንድ የራሱ ጋሪ አለው፤ እንደ ክፍሉ ስፋት ይደረደራሉ። ዳ ቪንቺ ላይ ሐኪሙ ፊቱን ኮንሶሉ ውስጥ ይደፋል፤ በሌሎቹ መነጽር አድርጎ ስክሪን ያያል፣ ከነርሷም ጋር ፊት ለፊት ያወራል። ለረጅም ዓመታት የሮቦቶቹ ትልቁ ጉድለት የመዳሰስ ስሜት አለመኖሩ ነበር፤ ሐኪሙ ክሩ መጥበቁን በዓይኑ ነው የሚገምተው። ሴንሃንስ የተባለው ማሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ስሜቱን ይዞ የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ፤ ዳ ቪንቺ 5 ደግሞ በ2024 ኃይል የሚለኩ መሣሪያዎች ይዞ መጣ። ትልቅ ነገር ነው። ለታካሚው ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመፍረድ ግን ገና ነው።

ማኮ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። እሱ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ለመቀየር የሚያገለግል ሌላ ፍጥረት ነው። አስቀድሞ በሲቲ ስካን የአጥንቱ ካርታ ይሠራል፤ ሐኪሙ መጋዙን በእጁ ይዞ ሲቆርጥ ከታቀደው መስመር ሊያልፍ ካለ ክንዱ ይከለክለዋል። ለላስታ ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት አለቱን እየቀነሱ ነው፤ አንዴ የተፈለጠ አይመለስም። ከመስመሩ አላልፍም የሚል መሮ ቢኖር ለዚያ ጠራቢ ምን ይሆንለት እንደነበር አስቡ። ግን ጉልበቱን የሚያመውን ሰው “ማኮ ወይስ ዳ ቪንቺ?” ብሎ መጠየቅ “ማረሻ ወይስ ወንፊት?” እንደማለት ነው።

ከሰንጠረዡ ረድፎች ወጣቶችን በጣም የሚስበው “ከርቀት መሥራት ይችላል” የሚለው ነው። ሐኪሙ ከታካሚው በሽቦ ብቻ ከተገናኘ ሽቦውን ለምን አናስረዝመውም? ተደርጓል። መስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣክ ማሬስኮ ኒው ዮርክ ተቀምጠው ስትራስቡርግ የተኛች ሴት ሐሞት ከረጢት ዜውስ በተባለ ሮቦት አወጡ። የእጃቸው ትእዛዝ ደርሶ ምስሉ እስኪመለስ የነበረው መዘግየት በአማካይ 155 ሚሊ ሰከንድ ነበር፤ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ በሉት። በ2025 ደግሞ አሜሪካ፣ ኦርላንዶ የተቀመጡ ሐኪም አንጎላ፣ ሉዋንዳ ላለ ታካሚ የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በቻይናው ቱማይ ሮቦት ሠርተዋል።

ይህን ሰምቶ “እንግዲያ ሐኪሙ አዲስ አበባ ይቀመጥ፣ ሮቦቱ ላሊበላ ይሁን” የሚል ጓደኛ አለኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያነሰው አንድ ነገር ነው። ስትራስቡርግም ሉዋንዳም ታካሚው አጠገብ ሙሉ ቡድን ቆሞ ነበር። ሰመመን የሚሰጥ፣ ቀዳዳውን የሚበሳ፣ መሣሪያ የሚቀይር፣ መስመሩ ቢቋረጥ ደግሞ ቀጥሎ የሚጨርስ ሐኪም። ያ ቡድን፣ ኦክስጅኑ፣ ደሙና የማያቋርጥ መብራቱ ካለ ሮቦቱ ሳይመጣም ብዙ ሰው ይድናል። የላንሴት ኮሚሽን በ2015 ማንኛውም ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያገኛቸው ይገባል ብሎ እንደ መለኪያ የያዛቸው ቀዶ ሕክምናዎች ሦስት ናቸው፦ በምጥ ለተቸገረች እናት ኦፕራሲዮን፣ ድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምና፣ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራት። አንዳቸውም ሮቦት አይጠይቁም። ኢትዮጵያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠኗ በእኔ ዓይን ከሮቦቱ ያላነሰ ፈጠራ ነው፤ አረንጓዴ ምልክት የሚሰጠው ሰንጠረዥ ባይኖርም።

ወደ ዋናው ልመለስ። ሰንጠረዡ የዘለለው ትልቁ ረድፍ “ታካሚው በኋላ ምን ሆነ?” የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ የሚሻለው ዘዴ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል ነው። አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ውስጥ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸውን ወንዶች ግማሾቹን በሮቦት፣ ግማሾቹን ሆድ በመክፈት አከሟቸው፤ ቀዶ ሕክምናው የተደረገላቸው 308 ናቸው። የመጀመሪያው ውጤት በ2016 ወጣ። የሮቦቶቹ ወገን በጣም ያነሰ ደም ፈሰሰው፤ የሌላኛው ከሦስት እጥፍ ወደማያንስ ይደርሳል። ሆስፒታል የቆዩትም አንድ ቀን ተኩል ገደማ ነው፤ ሌሎቹ ከሦስት ቀን በላይ። ጥሩ ትርፍ ነው። ሰዎቹ በጣም የሚጨነቁባቸው ሁለት ነገሮች ግን ሽንት መቋጠርና ወንድነት ናቸው። በእነዚህ በ12 ሳምንትም፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ዝርዝር አለ፤ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት። በእያንዳንዱ ወገን የሠራው አንድ ሐኪም ብቻ ነበር። ሆድ የሚከፍተው ከ1,500 በላይ እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ሠርቷል፤ በሮቦት የሚሠራው ከ200 በላይ። አንዳንዱ “ሮቦቱ ተበድሏል፣ ልምድ ያነሰው ሰው ይዞት ነው” ይላል። ሌላው “ይኸው፣ ሮቦቱ ልምድ ያነሰውን ሰው ከአንጋፋው ጋር አስተካከለው” ይላል። ሁለቱም ከአንድ ቁጥር ነው የተነሱት። ሁለቱም ሳያውቁት የተስማሙበት ነገር ግን የሐኪሙ ልምድ ከማሽኑ ተነጥሎ ሊመዘን እንደማይችል ነው። ሰንጠረዡ ላይ ስለ ሐኪሙ አንድም ዓምድ የለም።

ሌሎቹ ጥናቶች ደግሞ በሽታ ሲቀየር መልሱም እንደሚቀየር ያሳያሉ። በ2017 የወጣው ሮላር የተባለው ጥናት 471 የታችኛው አንጀት ካንሰር ታካሚዎችን ሮቦትና ተራ ላፓሮስኮፒ ላይ መደበ። በመሃል ሐሳብ ተቀይሮ ሆዳቸው የተከፈተው በሮቦት ከ100 ወደ 8፣ በላፓሮስኮፒ ወደ 12 ነበሩ። ልዩነት ይመስላል፤ በዕድል ሊመጣ ከሚችለው ግን አላለፈም። የሐሞት ከረጢት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን አረጋውያንን መዝገብ ያየ፣ በ2023 የወጣ ጥናት፣ ጥገና የሚያስፈልገው የሐሞት ቱቦ ጉዳት በሮቦት 0.7 በመቶ፣ በላፓሮስኮፒ 0.2 በመቶ ሆኖ አገኘው። ይህኛው በዕጣ የተመደበ ስላልሆነ በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። ቢሆንም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው “ሮቦት ካልሆነ” ብሎ ባሕር የሚሻገርበትን ምክንያት እኔ አላየሁም። ላፓሮስኮፒ እኮ አገር ውስጥ ይሠራል።

ከሁሉም የሚከብደው የማሕፀን በር ካንሰር ነው፤ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው። በ2018 የወጣ፣ 631 ሴቶች የተሳተፉበት በዕጣ የተመደበ ጥናት፣ ማሕፀንን ከነዙሪያው በማውጣት ላይ በትናንሽ ቀዳዳ መሥራትን (ላፓሮስኮፒም ሮቦትም) ሆድ ከመክፈት ጋር አወዳደረ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ሆዳቸው ከተከፈተው 96.5 በመቶ፣ በትናንሽ ቀዳዳ ከተሠራላቸው 86 በመቶ ነበሩ። ጠባሳው ያነሰው መንገድ ለሕይወት የከፋ ሆነ። በዓመቱ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሮቦትን ለካንሰር ሲጠቀሙ ጥንቃቄ እንዲደረግ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ይህን የሚያህል ነገር የዘለለ ንጽጽር ለአንዲት እናት እጅ ሲገባ ያሳዝናል፣ ያስቆጣልም።

ይህ ጽሑፍ በሐሳብ ብቻ የመጣ አይደለም። ኩልመስክ የሚኖሩ አጎቴ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ለሽንት መነሳት ጀመሩ። ተመረመሩ፤ አልትራሳውንዱ ፕሮስቴታቸው ማበጡን አሳየ። ጂዳ የምትሠራ ልጃቸው አንድ ወኪል አገኘች፤ ወኪሉ ሰንጠረዡን ላከላት፤ እሷ ለእኔ አሳለፈችው። አጎቴ በስልክ “አንተ መሐንዲስ አይደለህ? ከእነዚህ የትኛው ይሻለኛል?” አሉኝ። ለጉዞው ሁለት በሬ ሊሸጡ አስበዋል፤ የቀረውን ልጅቱ ልትሞላ።

“ጋሼ፣ ካንሰር ነው ተባለ?” አልኳቸው። አልተባለም። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ላኩልኝ፤ እጢው አድጓል ይላል፣ ሌላ ነገር አይልም። ናሙና አልተወሰደም። ወኪሉን በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ ለየትኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው ዋጋ የሰጣችሁት? “ማሽኑ ሁሉንም ይሠራል” የሚል መልስ መጣ።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። እነዚያ የብሪዝበን ወንዶች ካንሰር ስለነበረባቸው ፕሮስቴታቸው በሙሉ ወጥቷል። ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣው ካንሰር ያልሆነ እብጠት ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በኪኒን ነው የሚያዘው፤ እንደ ታምሱሎሲን ያሉት መውጫው ላይ ያለውን ጡንቻ ያላላሉ። ኪኒኑ ካልበቃ ደግሞ ቆዳ ሳይቆረጥ፣ በሽንት ቧንቧው በኩል መሣሪያ ገብቶ የሚያግደው ሥጋ በኤሌክትሪክ ይጠረጋል። እጢው እጅግ ትልቅ ሲሆን ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ በሮቦትም ሊሠራ ይችላል። እንግዲህ አጎቴ ከአምስት ማሽን እንዲመርጡ የተጠየቁት አንዱም ላያስፈልጋቸው በሚችል ሕመም ነው። ወረቀታቸውን ይዘው የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀረቡ፤ የደም ምርመራም ታዘዘላቸው። አሁን ኪኒን ላይ ናቸው። ይበቃቸው እንደሆነ ገና እያየን ነው፤ በሬዎቹ ግን አልተሸጡም።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል፤ ምህንድስናው እዚህ ውስጥ ስላለበት። አንድ ዳ ቪንቺ እንደ ሞዴሉ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፣ በየዓመቱም ጥገና አለው። የሚታጠፉት መሣሪያዎች ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳገለገሉ የሚቆጥር ቺፕ አላቸው፤ ለብዙ ዓመታት አብዛኞቹ ከ10 ቀዶ ሕክምና በኋላ ማሽኑ አይቀበላቸውም ነበር፣ ከ2020 ወዲህ ለአንዳንዶቹ ከ12 እስከ 18 ተራዝሟል። በጫፉ ያሉት ቀጫጭን ገመዶች እየታጠፉ ስለሚያረጁ ገደብ መኖሩ ትክክል ነው። የሆነ ሆኖ ያን ያህል ያወጣ ሆስፒታል ማሽኑ ቆሞ እንዲውል አይፈልግም። “ለእርስዎ ሮቦት ይሻላል” የሚል ምክር ሲመጣ ከጀርባው ይህ ሒሳብ እንዳለ ማወቅ ክፋት የለውም። ሐኪሙ ይዋሻል ማለቴ አይደለም።

የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ ካንሰር ተረጋግጦ፣ ሐኪም መክሮ፣ አቅም ኖሮ የሚሄድ ሞልቷል። እንዲህ ላለው ቤተሰብ ከማሽኑ ስም በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ያለበት የቀዶ ሕክምናው ሙሉ ስም ነው፤ ያ ካልታወቀ የቀረው ጥያቄ ሁሉ አየር ላይ ነው። ቀጥሎ የሚሠራው ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና በዚሁ ማሽን ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደሠራ። ስንቱ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ሆድ እንደከፈተ፣ ማሽኑ መሃል ላይ ቢቆም የሚጨርሰው እሱ ራሱ መሆን አለመሆኑ። ሮቦት ባይኖር ምን ያደርግ እንደነበርም ጠይቁት፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፣ እንዲያውም ብዙ የሚነግራችሁ እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚረሳው የመልሱ መንገድ ነው። ፕሮስቴቱ በሙሉ የወጣለት ሰው የሽንት ቱቦ ይዞ ነው ከሆስፒታል የሚወጣው፤ ብዙውን ጊዜ ለሳምንት አካባቢ። ቱቦው ሳይወጣ አውሮፕላን ይሳፈራል ወይ? ላሊበላ አርፎ ወደ ኩልመስክ ሲወጣ ትኩሳት ቢጀምረው የሚደውለው ለማን ነው? ለሕንዱ የዋትሳፕ ቁጥር? ካንሰር ከሆነ ከዚያ በኋላ በየጥቂት ወሩ የደም ምርመራ አለ፤ ውጤቱን የሚያነብ ሐኪም ከወዲሁ መታወቅ አለበት፣ ቀዶ ሕክምናው ላይ የተደረገውን የሚገልጽ ሙሉ ሪፖርትም በእጁ መድረስ አለበት። ሆስፒታሉ ያንን ሪፖርት ታካሚው ከመሳፈሩ በፊት ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከተሳፈረ በኋላ ማግኘት ወራት ሊፈጅ ይችላል።